ዲጂታሉ መዝገብ ያልከፈተው ጆንያ

በኬንያ የድጎማ ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ በመንግሥት የመረጃ ቋት ይመዘገባል፤ የተፈቀደለት የጆንያ ብዛት በስልኩ ይላክለታል፤ ለ50 ኪሎ 2,500 ሽልንግ ከፍሎ ከአገሪቱ የእህል ቦርድ መጋዘን ይረከባል። ደላላን ከመሀል በማውጣት ረገድ ሥርዓቱ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 የዘር ወቅት በዚሁ መንገድ ከተሸጠው ማዳበሪያ ከፊሉ ከደረጃ በታች ሆኖ ተገኘ። ነገሩን መጀመሪያ ያጋለጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ከዚያ የናይሮቢ ፓርላማ የግብርና ሚኒስትሩን ከሥልጣን ለማንሳት እስከ መከራከር ደረሰ። መዝገቡ ገበሬውን፣ ክፍያውንና ጆንያውን ያውቃል። በጆንያው ውስጥ ስንት ናይትሮጅን፣ ስንት ፎስፈረስ እንዳለ ግን የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም። በቆሎ ደግሞ በቡቃያነቱ ያጣውን ፎስፈረስ በኋላ አይክስም። የኬሚካል ምርትን ንግድ ዲጂታል አድርገን ምርቱን ራሱን ሳንለካ ከቀረን፣ ማጭበርበሩ ሕጋዊ ደረሰኝ ይዞ ይጓዛል ባይ ነኝ።

የሚያስቆጨው መለኪያው እዚያው ከተማ ውስጥ መኖሩ ነው። ናይሮቢ፣ ጊጊሪ የሚገኘው የዓለም አግሮፎረስትሪ ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ከአንድ ሺህ በላይ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አፈር ናሙናዎችን በብርሃን መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ዛሬ በቤተ ሙከራው ናሙናው ይደርቃል፣ እንደ ዱቄት ይልማል፣ በትንንሽ የአሉሚኒየም ጉድጓዶች ተሞልቶ ኢንፍራሬድ ጨረር ይበራበታል። በአቶሞች መካከል ያለው ትስስር በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ ከጨረሩ የሚውጠው ሞገድ የተለየ ነው። ዘዴው ለማዳበሪያም ይሠራል፤ ፎስፌት፣ ሰልፌትና አሞኒየም እያንዳንዳቸው የሚታወቁበት ምልክት አላቸው፤ አሸዋ ከተደባለቀበትማ ኳርትዙ ጎልቶ ይታያል። ኮምፒውተር ይህን ምልክት በኬሚካል ምርመራ ከተረጋገጡ ናሙናዎች ጋር እያስተያየ ይዘቱን ይገምታል።

ግምት ነው እንጂ ልኬት አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም ነው። የፖታሲየም ማዳበሪያ የሆነው ፖታሲየም ክሎራይድ ለዚህ ጨረር አይታይም። ፖታሲየሙን በኤክስሬይ መሣሪያ ማየት ይቻላል፤ ያ መሣሪያ ግን በተራው ናይትሮጅንን አያይም። ሁለቱ ተጣምረው የሚሠሩት የወንፊት ሥራ ነው፤ ያጠራጠረው ወደ መደበኛው ቤተ ሙከራ ይሄዳል፣ ፍርዱም የዚያ ነው። ሌላው ተቃውሞ ዋጋ ነው። መሣሪያዎቹ ውድ ናቸው፤ ሆኖም ምርመራው የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ጆንያ ሳይሆን ከየምርት ዙሩ ለሚወሰዱ ናሙናዎች ነው። የዙሩ ቁጥር ከገበሬው ስልክ መልእክት ጋር ከተያያዘ፣ ምርመራውን ያላለፈ ማዳበሪያ ሽያጩ በመዝገቡ ላይ ይቆለፋል።

ኢትዮጵያ ይህን ለመጀመር የተሻለ ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር መረጃ ሥርዓታችን በዚሁ የብርሃን ዘዴ ስለሠራ ሙያው አገር ውስጥ አለ፤ አብዛኛው ማዳበሪያችንም የሚገባው በአንድ በር፣ በጅቡቲ ወደብ ነው። ናሙናው መርከቡ ሲራገፍ ተወስዶ ውጤቱ ከጭነቱ ቁጥር ጋር እስከ ቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ሊደርስ ይችላል፤ ገበሬውም ከመክፈሉ በፊት ያየዋል።