ከሰማይ የተገኘ መንደር

እ.ኤ.አ. በ1968 ብሩክሊን ውስጥ ጄምስ ሀርሊ የተባለ የታሪክ ሰው የጠፋ መንደር ይፈልግ ነበር። በፕራት ኢንስቲትዩት ስለ ቤድፎርድ-ስታይቨሰንት ሰፈር ታሪክ ያስተምር ነበርና፣ በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ዊክስቪል የሚል ስም አገኘ። ስሙ አለ፤ መንደሩ የለም።

መንደር እንዴት ይጠፋል? ኒውዮርክ ባርነትን ካስቀረች ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1838፣ ጄምስ ዊክስ የተባለ ጥቁር የወደብ ሠራተኛ እዚያ መሬት ገዛ። ያኔ ጥቁር ወንድ ድምፅ ለመስጠት 250 ዶላር የሚያወጣ ርስት እንዲኖረው የግዛቲቱ ሕግ ያስገድድ ነበር፤ ነጩን ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ጓሮና አጥር ብቻ አልነበረም የሚገዛው። ከጊዜ በኋላ ከ500 በላይ ሰው ሰፈረ፤ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በ1863 በማንሃተን አመፅ ተነሥቶ ጥቁሮች ሲታደኑ፣ ካመለጡት ብዙዎቹ የተጠጉት ዊክስቪል ነበር። ያ ሁሉ ሰው የኖረበት ቦታ ታዲያ የት ገባ?

ከተማዋ አድጋ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿን በላዩ ዘርግታበት ነበር። በእግሩ ለሚዞር ሰው የሚታየው ግንብና አስፋልት ነው። ስለዚህ ሀርሊ፣ ጆሴፍ ሄይንስ ከተባለ አብራሪ ጋር፣ በትንሽ አውሮፕላን ተነሣ።

ከላይ ሲያዩት ሰፈሩ እንደ ሸማ ጥለት በመስመር የተሰደረ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን መስመሩ ተዛነፈ። ጎዳናውን ሳይከተሉ ወደ ጎን ዞረው የቆሙ አራት ያረጁ የእንጨት ቤቶች! የዞሩት ከከተማዋ ፕላን በፊት ወደነበረው ወደ ሀንተርፍላይ መንገድ ነበር።

ደስታው ግን ከጭንቀት ጋር መጣ፤ በአካባቢው አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ ነበር። ነዋሪዎችና የሰፈሩ ተማሪዎች ቡልዶዘሩን ቀድመው ፍርስራሹን ቆፈሩ። ከአፈሩ ውስጥ በቆርቆሮ ላይ የታተመ የአንዲት ጥቁር ሴት ፎቶግራፍ ወጣ፤ ስሟ አልታወቀም፤ «የዊክስቪል እመቤት» አሏት። ለእኔ ከአውሮፕላኑ ይልቅ የሚደንቀኝ የልጆቹ ነገር ነው። የከተማዋ የቅርስ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ቤቶቹ እንዳይፈርሱ መሰከሩ፤ በ1970 ኮሚሽኑ አራቱንም በቅርስነት መዘገበ። ቤቶቹን ለመግዛት ገንዘብ ሲዋጣ ደግሞ ቀድመው ከሰጡት መካከል እነዚያው ተማሪዎች ነበሩ።