የእንግሊዝኛ ፈሊጥ በዝርዝር አይጠናም

የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገርን የሚያስተምሩ መጻሕፍት አብዛኞቹ መልካቸው አንድ ነው፤ በግራ አባባሉ፣ በቀኝ ፍቺው፣ ሁሉም በፊደል ተራ። ተማሪ ይህን ሸምድዶ ፈተናውን ይወጣበታል፤ ከፈተናው ማግስት ግን አብዛኛው ይጠፋበታል። ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የአቀራረቡ ይመስለኛል። ፈሊጦች ዘር ማንዘር አላቸው፤ የፊደል ተራ ዘመዳሞቹን በታትኖ ባዕዳኑን ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

አንዱን ወገን እንይ። እንግሊዞች ለዘመናት ሲነግዱም ሲዋጉም በሸራ መርከብ የኖሩ የደሴት ሕዝብ ናቸውና የባሕረተኛው ንግግር ወደ የብስ ወጥቶ ቀርቷል። «ቴክን አባክ» ዛሬ «ክው አለ» እንደማለት ነው። በመርከብ ላይ ግን ነፋሱ በድንገት ከፊት ዞሮ ሸራውን ከምሰሶው ጋር ሲያጣብቀው የሚደርሰው ነገር ነበር፤ ስትገሰግስ የነበረችው መርከብ ቀጥ ትላለች፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ትገፋለች፣ ምሰሶዋም ሊሰበር ይችላል። ይህን በዓይነ ሕሊናው የሣለ አንባቢ አባባሉ ተራ ፍርሃትን ሳይሆን በጉዞ መሀል ባልጠበቁት ነገር መገታትን እንደሚናገር ይገባዋል። «በጥቅሉ» የሚል ፍቺ ያለው «ባይ ኤንድ ላርጅ»ም ነፋስን ተጋፍቶም ነፋስን ተከትሎም መሄድ ከሚችል መርከብ የመጣ ነው፤ በሁሉም ነፋስ የሚሄድ፣ በጥቅሉ ደኅና የሆነ።

ሌላው ወገን ለእኛ አንባቢ ይቀርባል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከእርሱም በፊት የዊልያም ቲንደል ትርጉም፣ የእንግሊዝኛን አፍ ቀርጸውታል። የብልጣሶርን ግብዣ ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 የሚያውቅ ሰው «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» የሚመጣ ጥፋት ምልክት መሆኑን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም። ከመጽሐፈ ኢዮብ የተወሰደው በጥርስ ቆዳ ማምለጥ፣ ማለትም ለጥቂት መትረፍ፣ እንደዚሁ ነው።

ከታሪክ ይልቅ በአስተሳሰብ የተዛመዱም አሉ። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ተለዋጭ ዘይቤ የገጣሚ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ማሰቢያ ነው ብለው ተከራከሩ። በእንግሊዝኛ ክርክር ጦርነት ነው፤ አቋም ይጠቃል፣ ይከላከሉለታል፣ ሐሳብ ተተኩሶበት ይወድቃል። አማርኛ ደግሞ ክርክርን ችሎት ያቆመዋል፤ ሰው ይሟገታል፣ ይረታል። የጦርነቱን ሥዕል አንዴ የያዘ ተማሪ ብዙ አባባል ባንድ ጊዜ ያገኛል። ፍራንክ ቦርስ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በጋራ ሥዕላቸው ተቧድነው የቀረቡ አባባሎች በተማሪዎች አእምሮ የተሻለ እንደሚቆዩ አሳይቷል።

«እንግሊዛዊው ራሱ ስለ ሸራ መች ያስባል?» የሚል ይኖራል። አያስብም። እርሱ ግን አባባሉን ከልጅነቱ ጀምሮ በየአጋጣሚው ሲሰማ ነው ያደገው፤ ያን ዕድል ላጣ ጎልማሳ ሥዕሉ አቋራጭ ይሆነዋል። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ፈሊጥ ምንጭ የሚወራው ብዙው ተረት መሆኑ ነው። ዶፍ ሲወርድ «ድመትና ውሻ ይዘንባል» መባሉ እንስሳቱ ከሣር ክዳን ላይ እየተንሸራተቱ ይወድቁ ስለነበር ነው የሚለው ወሬ ማስረጃ የለውም። ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ እንዲህ ያለውን እንደ ታሪክ ማስተማር አይገባም፤ ምንጩ ካልታወቀ አልታወቀም ማለት ይበቃል።

ሥዕል የማይወጣቸው አባባሎች መኖራቸውም አይካድም። «ኪክ ዘ በኬት»፣ ባልዲውን በእርግጫ መምታት፣ «ሞተ» ማለት ነው፤ ባልዲው ምን እንደሆነ ግን ምሁራን አልተስማሙበትም። እንዲህ ያለውን መሸምደድ ነው። ደግነቱ፣ ሰዋስው ራሱ ሁለቱን ዓይነት ይለያቸዋል። «ስፒል ዘ ቢንስ»፣ ባቄላውን መድፋት፣ ምስጢር ማውጣት ነው፤ ባቄላው ምስጢሩ፣ መድፋቱ ማውጣቱ መሆኑ ስለሚታይ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ባቄላው ተደፋ» ቢል ፍቺው አይጠፋም። «ባልዲው በእርግጫ ተመታ» ቢል ግን የሞተ ሰው የለም፤ ያለው የተመታ ባልዲ ብቻ ነው።