ያውቁ ኖሯል? አስም ሲከፋ ስሜትም ይከፋል

አስም ያለበት ሰው ሲነጫነጭ ወይም ዝም ሲል «ጠባዩ ተለወጠ»፣ «ሆደ ባሻ ሆነ» እየተባለ ይታማል። ነገሩ ግን የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ የሕመሙ አንድ ፊት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

✦ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 አስም የነበረባቸው ሰዎች 262 ሚሊዮን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለድብርትና ለጭንቀት የተጋለጡ ናቸው። አስሙ ስሜትን ያውካል፤ የታወከው ስሜትም ተመልሶ አስሙን ያባብሰዋል።

✦ ይህን የጥንት ሐኪሞችም አስተውለውታል። ሙሴ ማይሞኒደስ በ1190 ገደማ ግብፅ ውስጥ ስለ አስም በጻፈው መጽሐፍ፣ ሐዘንና ብስጭት ትንፋሽን እንደሚያውኩ ገልጾ ከምግቡና ከመድኃኒቱ ጋር የታማሚው መንፈስም እንዲታከም መክሯል።

✦ በ1886 ባልቲሞር ውስጥ ሐኪሙ ጆን ማኬንዚ፣ ጽጌረዳ ሲሸታት ለሚያማት ታካሚ ሰው ሠራሽ ጽጌረዳ አሳያት። አበባው ሽታ አልነበረውም፤ እሷ ግን አፍንጫዋ ተቆጣ፣ ደረቷም ተጨነቀ።

✦ በ1968 በታተመ ጥናት 40 የአስም ታማሚዎች ተራ የጨው ውሃ እንፋሎት እየሳቡ «አስም የሚቀሰቅስ ነገር ነው» ተባሉ። የ19ኙ የአየር ቧንቧ ጠበበ፤ በ12ቱ ላይ አስሙ ተነሣ። ሕመማቸው ማስመሰል አልነበረም፤ የቧንቧው መጥበብ በመሣሪያ ተለክቷል።

✦ ተቃራኒውም ይሆናል። በ2011 በወጣ የአሜሪካ ጥናት የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን እውነተኛውን የሳልቡታሞል ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) የሳቡትም ሆኑ መድኃኒት የሌለበትን ፓፍ የሳቡት ተቀራራቢ እፎይታ እንደተሰማቸው ተናገሩ። ሳንባቸው በእርግጥ በደንብ የተከፈተው ግን መድኃኒቱን ያገኙት ብቻ ናቸው። «ተሽሎኛል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ትንፋሽ በመለኪያ መታየት አለበት።

✦ ከሃምሳ ዓመታት በላይ ወደኋላ፣ አንዳንድ የሥነ ልቦና ሐኪሞች የልጅን አስም ከእናቱ ጋር ካለው ግንኙነት የመጣ ያደርጉት ነበር። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ ተጥሏል። አስም የአየር ቧንቧ ብግነት ነው፤ ጭንቀት ሊቀሰቅሰው ቢችልም የማንም እናት ጥፋት አይደለም።

✦ አስም አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። እንቅልፍ የተቆራረጠበት ሰው ቀን ላይ ቢበሳጭ፣ ሐሳቡ ቢበታተን፣ ሥራ ቢከብደው ምን ይገርማል?

✦ ድንገተኛ የፍርሃት መናጥና አስም ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብም ይመታል። የጣትና የከንፈር መደንዘዝ ወደ ፍርሃቱ፣ ሳልና የደረት ሲርሲርታ ወደ አስሙ ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ አብረው ሊመጡ ይችላሉ። አስም እጅግ ሲከብድ ደረት ጭራሽ ጸጥ ሊል ስለሚችል፣ ከተጠራጠሩ እንደ አስም ቆጥረው ቶሎ እርዳታ ይፈልጉ።

✦ መድኃኒቱም ስሜትን ይነካል። ሳልቡታሞል እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ይህም ጭንቀት ሊመስል ይችላል። ብግነት የሚያበርደው የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን፣ በተለይ መጠኑ ሲጨምር፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ አንዱን ያለ ልክ ሲያስፈነድቅ ሌላውን ያስከፋል። ሞንቴሉካስት የተባለውን የአስም መድኃኒት በተመለከተ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ቅዠት፣ ድብርት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጣ ይችላል። እነዚህን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያማክሩ፤ ፕሬድኒሶሎንን ግን በራስዎ ፈቃድ በድንገት አያቁሙ።

✦ ለልብ መምታትና ለጭንቀት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል የአየር ቧንቧን ያጠብባል፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ስለ ጭንቀት ሊታከሙ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚናገሩት «አስም አለብኝ» የሚለውን ይሁን።

✦ የሚቆላ ቡና ጭስ፣ ዕጣን፣ ከሰልና ሽቶ አስም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። በዚህ የተነሣ ከቡናው፣ ከልቅሶውና ከሠርጉ እየቀረ ብቻውን የሚውል ሰው አለ፤ ብቸኝነቱ ደግሞ ድብርትን ይጠራል። ጎረቤት ቡናውን ደጅ ቆልቶ፣ ዕጣኑን ትቶ ቢያፈላ ጨዋታው አይጎድልም፤ የቀረውም ይመጣል።

✦ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 የቤጂንግን ኦሊምፒክ ማራቶን የተወው የአየር ብክለቱ አስሙን እንዳያባብስበት ሠግቶ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ በ2:03:59 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከሚጎዳ ነገር መራቅ መሸነፍ አይደለም።

✦ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ከሕክምና አርቋል። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ብግነቱን የሚያበርደው መከላከያ ፓፍ በየቀኑ በታዘዘው መሠረት ሲወሰድ ሌሊቱ ይሰክናል፣ ሥጋቱም ይቀላል። የአተነፋፈስ ልምምድ ደግሞ ቧንቧውን ባይለውጥም ኑሮን እንደሚያሻሽል ተረጋግጧል፤ በመድኃኒቱ ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ስለ ሳሉ ብቻ አይናገሩ። እንቅልፍ ካጡ፣ ከከፋዎት፣ ሰው ካስጠላዎት ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ድብርትም እንደ አስሙ ሕክምና አለው፤ ሁለቱ አብረው ሲታከሙ አንዱ ለሌላው ይበጃል። በቤትዎ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ብለው አያብቁ፤ «እንዴት አደርክ? ሆድህን የከፋው ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም ሳይቸኩሉ ይስሙ።