ሬዲዮው ጤነኛ፣ ሹፌሩ ባለዕዳ!

መቼም በዚህ ገጽ የለመዳችሁት የፍቅር ጣጣ፣ የአማት ጠብ፣ የቅናት ነገር ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ መኪና መገናኛ ሬዲዮ ነው። «ደግሞ ይኼ ምን ሊያደርግልን?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት! ሰርግ ያስተላለፈ፣ እናት ያስለቀሰ፣ እኔንም ሽማግሌ ፊት ያቆመ ጉዳይ ነው። ጥፋተኛው ደግሞ… እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ቤት ነበረችኝ። ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ የመጣልኝን ሁሉ እሠራለሁ። ከሁሉም የምኮራበት ግን የመኪና ሬዲዮ ነበር። ያ በላንድክሩዘር ዳሽቦርድ ሥር የሚቀመጠው፣ ሹፌሩ ማይክራፎኑን አንስቶ ቁልፉን እየተጫነ «ቤዝ፣ ቤዝ፣ ይሰማል?» የሚልበት ማለቴ ነው።

«በሞባይል ዘመን ደሞ የምን ሬዲዮ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ የጨንቻን ዳገት ውጡት። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጨንቻ 2,700 ገደማ። መንገዱ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! በየጠመዝማዛው ኔትወርኩ ብቅ ይላል፣ ጥልቅ ይላል። ስልክ ደግሞ የሚያናግራችሁ ከአንድ ሰው ጋር ነው። ሬዲዮ ላይ አንዱ «መንገዱ ተንሸራቷል፣ አትምጡ» ሲል መስመሩ ላይ ያለ መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ለዚህ ነው ፖሊስ ከጥንት ጀምሮ የወደደው። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የባዮን ከተማ ፖሊስ መኪናው ውስጥ ሆኖ መስማት ብቻ ሳይሆን መመለስ የሚችልበትን ሬዲዮ ገጠመ። (በነገራችን ላይ «ሞቶሮላ» የሚለው ስም ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ለመኪና ሬዲዮ ነው። «ሞተር» ከሚለው ቃል መሆኑ ነው።)

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አርባ ምንጭ ዝናብ እንደ ጉድ በሚወርድበት ሰሞን፣ አንድ ወጣት ሹፌር የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዞ መጣ። ስሙም መሥሪያ ቤቱም ይቅር። የጨንቻ አካባቢ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥራውን አክባሪ። ለግንቦት ሰርግ ደግሷል።

«ጋሼ፣ እኔ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ ግን አይሰሙኝም» አለኝ።

ዋትሜትሬን በሬዲዮውና በአንቴናው ገመድ መሀል አስገባሁና «ተጫን» አልኩት። 45 ዋት ማውጣት የነበረበት ሬዲዮ 8 ዋት እንኳ አልሞላም። አቤት ኩራት! ሁለተኛ ሳላይ፣ ሌላ ነገር ሳልነካ «ፋይናሉ ተቃጥሏል» አልኩ። ፋይናል ማለት ድምፁን ይዞ የሚወጣውን ኃይል የሚያመነጨው የመጨረሻው ትራንዚስተር ነው። በዚህ ብቻ መች አበቃሁ! መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሲጠይቀኝ «ያለ አንቴና በመነገሩ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ፈረምኩበት።

ያቺ «ሳይሆን አይቀርም» ጉድ አፈላች። መሥሪያ ቤቱ «ንብረት በቸልተኝነት አበላሽተሃል» ብሎ የአዲሱን ሬዲዮ ዋጋ በየወሩ ከልጁ ደመወዝ ይቆርጥ ጀመር። ሰርጉ ተላለፈ። የእጮኛው ቤተሰቦች «ዕዳ ላለበት ሰው ልጅ አንሰጥም» አሉ። እኔ ይህን ሁሉ አላወቅኩም። አዲሱን ሬዲዮ ገጠምኩ፣ ሞከርኩ፣ ሠራ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ። አሮጌው መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ለብሶ ቁጭ አለ።

ክረምቱ አልፎ የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ሲጀምር ያው መኪና ተመልሶ መጣ። ያው ሹፌር። «ጋሼ፣ እሰማቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም።»

ደነገጥኩ። አዲስ ሬዲዮ በአምስት ወሩ? ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥኑን ትቼ ገመዱን የተከተልኩት። ፖርቶ መጋላው ላይ አንቴናው የታሰረበትን ቦታ ፈታሁ። የአንቴና ገመድ መሀሉ አንድ ሽቦ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ሹራብ የተጠለፈ መዳብ ይከበዋል። ናስትሮው ተልጦ ዝናቡ በመያዣው በኩል ገብቶ ያ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል፤ በእጄ ስነካው እንደ ዱቄት ተፈረፈረ። ሲደርቅ ይሠራል፣ ሲርስ ይታመማል።

እየፈራሁ አሮጌውን ሬዲዮ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ዳሚ ሎድ የምንላት ነገር አለች፤ አንቴናን ተክታ ኃይሉን በሙቀት የምትበላ፣ 50 ኦም የሆነች መሞከሪያ። ከእሷ ጋር አገናኝቼ ቁልፉን ተጫንኩ። 45 ዋት! ሙሉ ጤነኛ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ።

ለምን 8 አሳየኝ ታዲያ? ከሬዲዮ የወጣ ኃይል አንቴናው ካልተቀበለው ወደ መጣበት ይመለሳል። መለኪያው 3 ለ 1 ካሳያችሁ ከላካችሁት ሩቡ እየተመለሰ ነው፤ 1.5 ለ 1 ከሆነ የሚመለሰው 4 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። ዘመናዊ ሬዲዮ ታዲያ ብልህ ነው፤ ብዙ ሲመለስበት ፋይናሉ እንዳይቃጠል ራሱ ኃይሉን ይቀንሳል። እኔ ታሟል ያልኩት ሬዲዮ ራሱን እያዳነ ነበር! መስማቱማ ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ የቤዙ ጉልበት ትልቅ ስለሆነ በተበላሸ ገመድም ሾልኮ ይገባል።

አሁን እንግዲህ ልብ በሉልኝ። የመሥሪያ ቤት መኪና የምትነዱ፣ ወይም ወንድማችሁ፣ እጮኛችሁ ሹፌር የሆነ፣ «ሬዲዮው ሞተ» ሲባል ሳጥኑን ከማስፈታታችሁ በፊት ከባትሪው ጀምሩ። አሮጌ ቴስተርም ቢሆን ይበቃል። ሞተር ጠፍቶ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4። ቁም ነገሩ ግን ባትሪው ላይ ሳይሆን ሬዲዮው ጀርባ ላይ፣ ያውም ቁልፉ ተጭኖ ሳለ መለካቱ ነው። 45 ዋት ሬዲዮ ሲናገር 10 አምፔር ገደማ ይጠጣል። ባትሪው 13.8 ብሎ ሬዲዮው ጋ 11 ከደረሰ ወደ ሦስት የሚጠጋውን ቮልት የበላው መንገድ ላይ ያለ ሌባ ነው፤ የዛገ የባትሪ ራስ፣ የላላ ፊውዝ መያዣ፣ ወይም ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ። «ስጫን ሬዲዮው ጠፍቶ ይበራል» የሚባለው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማሰር ነው መድኃኒቱ። ፊውዝ ሲቃጠል ደግሞ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ የሚሉት ብልሃት አለ… እባካችሁ! መኪና ያቃጥላል።

የጭነት መኪና የያዛችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት ናቸው፤ ሬዲዮው ግን 12 ይፈልጋል። ያለ ኮንቨርተር ካገናኛችሁት ያን ጊዜ እውነትም ይቃጠላል። «ከአንዱ ባትሪ ብቻ ልሳበው» የሚሉም አሉ፤ ሬዲዮው ይሠራል፣ ሁለቱ ባትሪዎች ግን እኩል ስለማይሞሉ በጥቂት ጊዜ ይሞታሉ።

ቀጥሎ አንቴናው። ቁመቱ በዘፈቀደ አይደለም። 150 ሜጋ ኸርዝ ላይ ለሚሠራ ሬዲዮ የማዕበሉ ርዝመት 2 ሜትር ነው፤ አንቴናው የዚያ ሩብ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል። የግራር ቅርንጫፍ ሰብሮት የኤፍኤም ቴፕ አንቴና የተከለ ሹፌር አጋጥሞኛል። «ይረዝማል፣ ይሻላል ብዬ» አለኝ ምስኪን! ገመዱን ለመፈተሽ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት፤ የመሀሉ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማገናኘት አለበት፣ ከዙሪያው መዳብ ጋር ግን ፈጽሞ መነካካት የለበትም። (አንቴናው ራሱ ግን ሥሩ ላይ ጥቅል ሽቦ ካለው በተፈጥሮው ኮንታክት ሊያሳይ ይችላል፤ አትደንግጡ።) ገመዱ በበር ስፌት የሚያልፍበትን ቦታ ዳስሱ፤ ሺህ ጊዜ በር ሲዘጋበት ይጨፈለቃል። መያዣውን ውሃ እንዳይገባው አጥብቃችሁ በናስትሮ ጠቅልሉ። የእኔ መዘዝ የዚያች የናስትሮ ነበረች።

ማይክራፎኑስ? ወይ ጉድ! የተጠማዘዘው ገመድ ውስጡ ሲበጠስ ድምፅ ይቆራረጣል፤ ይህ ቀላል ነው። የሚያስቀው ቁልፉ ተጣብቆ ሲቀር ነው። አንዱ ሹፌር ማይክራፎኑን ወንበርና ማርሽ መሀል ወርውሮት ቁልፉ ተጭኖ ቀረ። እሱ በሞባይል ከፍቅረኛው ጋር ይጣላል። «ትናንት ከማን ጋር ነበርሽ?» ሲል ቤዙም፣ የመስክ መኪኖቹም፣ ሥራ አስኪያጁም ሰሙ። ማንም «ዝም በል» ሊለው አልቻለም፤ ቁልፉ እስካልተለቀቀ ሬዲዮው አይሰማማ! መስመሩም ለሁሉም ተዘጋ፤ ሬዲዮውም እንደ ምጣድ ጋለ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ማይክራፎኑን ከመንጠልጠያው ውጭ አስቀምጦ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ ምንም አልተበላሸም፤ ቦታው ነው። አጭር ሞገድ የማይጠቀም ሬዲዮ ተራራ አያልፍም። ከአባያና ጫሞ መሀል ካለው የእግዜር ድልድይ ጉብታ ላይ ሆናችሁ የሚሰማው ሬዲዮ፣ ከሥሩ ወርዳችሁ ጫካው ውስጥ ስትገቡ ዝም ሊል ይችላል። ከመደብደባችሁ በፊት ጥቂት ሜትር ከፍ በሉ። ሾፌሮች «ኮዳን» የሚሉት፣ ያ ከፓራውልቱ ላይ እንደ ዓሣ ማጥመጃ የሚወዛወዘው ረጅም አንቴና ያለው ሬዲዮ ግን ሌላ ነው፤ ድምፁ ሰማይ ላይ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። እሱንም ቀን በሠራበት ድግግሞሽ ማታ አትጠብቁት፤ ሲመሽ ዝቅ ወዳለው መሄድ ነው።

እሺ፣ «ገዝቼ ልግጠም» ለምትሉ፣ እንደ ቴፕ አይደለም። ድግግሞሹ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህን የሚመለከተው በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ነገሩን ለመማር የምትጓጉ ደግሞ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ «ኢ ቲ ስሪ ኤ ኤ» የሚል የጥሪ ስም ያለው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለላችሁ።

የልጁን ነገር አልጨረስኩም። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዝም ብል ማን ያውቃል? መዳቡን ቆርጬ ጥዬ፣ አዲስ ገመድ ዘርግቼ፣ አሮጌውን ሬዲዮ «ጠገንኩት» ብዬ መሸጥም እችላለሁ። ሰይጣን ይህንንም ሹክ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ሲነጋ ግን መሥሪያ ቤቱ ሄጄ «ፊርማዬ ስህተት ነው፤ ሬዲዮው ደህና ነው፤ ልጁ ምንም አላጠፋም» ብዬ ጻፍኩ። አሮጌውን ሬዲዮና የበሰበሰውን ገመድም አብሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሹሙ ለረጅም ጊዜ ገመዱን አገላብጦ አየውና «አንተም የገመዱን ትከፍላለህ» አለኝ። ከፈልኩ። የልጁ ገንዘብ በሁለት ወር ውስጥ ተመለሰለት።

ልጁ ግን አላናገረኝም። እውነቱን ነው! በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 2011 ዓ.ም.፣ የቡራዩ ሐዘን ተሰምቶ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሳውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ ተንበርክከው ለምነው መልሰውት ነበር። አገር ሁሉ ያየው ነው። እኔም ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ፣ ሣር ይዤ ጨንቻ ወጣሁ። እናቱ ደጅ ላይ ቆመው አዩኝ።

«ልጄን ንብረት አጥፊ ያስባልከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

ሌላ ምን እላለሁ? አንደኛው አባት ሣሩን እንድዘረጋ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ ተንበረከክሁ። እማማ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ቤት ገብተው ቆጮ አቀረቡ። ልጁ ያን ዕለትም ብዙ አልተናገረም፤ «ጋሼ፣ ተነስ» ብቻ አለኝ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ተጠርቼ ነበር፤ «ስጦታ ምን ላምጣ?» ብዬ ብጠይቀው «ሬዲዮ ብቻ እንዳይሆን» ብሎ ሳቀ። ቴስተር ወሰድኩለት። ዛሬም መኪናው ኪስ ውስጥ ናት። እኔ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ሬዲዮውን አይደለም፤ በእስክሪብቶ የጻፋትን ወረቀት ነው፦ ባትሪው ስንት፣ ሬዲዮው ጀርባ ስንት፣ ገመዱ ያገናኛል ወይስ አያገናኝም። ከዚያ «በል ጋሼ፣ አሁን ፍረድ» ይለኛል።