የሠርጉ ዲስክ ስለ ምን ይደናቀፋል?

በብዙ ቤት የሠርግና የክርስትና ፊልም በዲቪዲ ተቀድቶ ይቀመጣል። ነገር ግን ዘመድ ተሰብስቦ ሊያየው በተቀመጠበት ሰዓት ሥዕሉ ደርቆ ይቀራል፤ አለዚያም ማጫወቻው ዲስኩን አላነብም ይላል። የዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ጥድፊያ ነው።

ፊልሙ ሲቀዳ የሌዘር ብርሃን በዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም እየለበለበ ምልክት ያሰፍራል። ፍጥነቱ 16 እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ሊዛባ ስለሚችል አሮጌ ማጫወቻ ለማንበብ ይቸገራል። ስለዚህ 16 እጥፍ በሚል ዲስክ ላይ እንኳ 8 እጥፍን መምረጥ ይበጃል፤ 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው ዲስክ በ10 ደቂቃ ያህል ይሞላል።

ይህም ሆኖ እንቢ ካለ ሁለት ነገር ይመርመር። አንደኛ፣ ዲስኩ በመጨረሻ ፋይናላይዝ ተደርጎ መዘጋቱ፤ ሁለተኛ፣ ፊልሙ እንደ ተራ ፋይል ሳይሆን በዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት መቀዳቱ ነው።

በዲስኩ ላይ ወረቀት አይለጠፍ፤ ፀሐይም አይምታው። ዋናው ፊልም ከኮምፒዩተር ከመደምሰሱ በፊት ዲስኩ በሌላ ማጫወቻ ይሞከር። የሠርግ ቀን አይደገምምና 10 ደቂቃ መታገሥ አይክበደን።