መድኃኒት ሳንባ ላይ ለምን ይሸነፋል?



ከመካከላችን አንድ ሰው በሳንባ ሕመም ታክሞ ሳይሻለው ሲቀር «መድኃኒቱን በሥርዓት ስላልወሰደ ነው» ማለት የተለመደ ነው፡፡ እዚህ ካርቲየ 3ም ሆነ በአሊ አዴና በሆልሆል ካምፖች ይህን አነጋገር እንሰማለን፡፡ ነገሩን ካወሳሰቡት አንዱ ቋንቋችን ነው፤ ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ»፣ ካንሰርንም «ነቀርሳ» እንላለን፡፡ በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ መድኃኒትን የሚቋቋሙበት መንገድም ለየቅል ነው፡፡

ቲቢ በተሕዋስያን የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው፡፡ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፡፡ በሽተኛው ተሻለኝ ብሎ ቢያቋርጥ መድኃኒቱን መቋቋም የቻሉት ተሕዋስያን ተርፈው ይራባሉ፤ በሳልም ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፡፡ ስለዚህ አንድም ቀን ያላቋረጠ ሰው እንኳ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል፡፡

ካንሰር ግን ከራሳችን ሕዋስ የሚነሳ ነው፡፡ እያንዳንዱ ሕዋስ በራሂ የተባሉ፣ ከወላጅ የተወረሱ ትእዛዞችን ይዟል፡፡ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይሠሩም፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው ያንቀላፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚቋቋሙ የሳንባ ካንሰር ሕዋሳትን ሲመረምሩ፣ ኤም አር ፒ የተባለ በራሂ ከልክ በላይ ነቅቶ አገኙት፡፡ በዚህ በራሂ ትእዛዝ የሚሠራው ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ የገባውን መድኃኒት እንደ ፓምፕ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ጀልባ ውስጥ የገባውን ውኃ እየቀዳ ወደ ባሕር እንደሚመልስ ባሕረኛ ማለት ነው፡፡

ዋናው ቁም ነገር ይኸው ፓምፕ በጤነኛ ሳንባም ውስጥ መኖሩ ነው፡፡ ሳንባ ሌት ተቀን ከአየር ጋር ጭስና አቧራ ይስባል፤ ፓምፑም መርዝ ከሚያስወግዱለት መከላከያዎች አንዱ ነው፡፡ ከሳንባ የሚነሳው ካንሰርም ይህን መከላከያ ከነትጥቁ ሊወርስ ይችላል፡፡ አንዳንዱ ካንሰር ገና ከመጀመሪያው ለመድኃኒት አይበገርም፤ ሌላው መጀመሪያ ቶሎ ይቀንስና መድኃኒቱን ተቋቁሞ ይመለሳል፡፡ ፓምፑን የሚዘጉ መድኃኒቶች ተሞክረው ነበር፤ ነገር ግን የጤነኛውንም አካል መከላከያ ስለሚነኩ የታሰበውን ያህል አልጠቀሙም፡፡ ታዲያ የበሽተኛው ጥፋት ምኑ ላይ ነው?

ከዚህ በመነሳት የሚከተለውን እንመክራለን፡፡

1. ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም ያለበት አክታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ካለ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል፡፡ በጅቡቲ ከተማ ፖል ፎር ሆስፒታል በቲቢ ሕክምና የታወቀ ነው፡፡

2. ቲቢ ከሆነ ሐኪሙ እስኪያበቃ ድረስ መድኃኒቱን አለማቋረጥ፡፡

3. የቲቢ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ሰው ተመልሶ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፡፡ የሳንባ ካንሰር ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል፡፡

4. ሲጋራ አለማጨስ፤ ከሰልም በተቻለ መጠን አየር በሚገባበት ቦታ ማንደድ፡፡

5. ካንሰር አይተላለፍም፡፡ በሽተኛውን ከማዕድ አንለየው፤ በወቀሳም ሕመሙን አናክብድበት፡፡