ቀይ ቀበሮ የሚሻ ፍልፈል ይፈልግ

ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ የአስታውን ቁጥቋጦ ጨርሶ ሳነቴ አናት ላይ ብቅ ሲል፣ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አድማሱን ያማትራል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሳፋሪ ማለት ለእኔ በቴሌቪዥን ያየሁት ሴሬንጌቲ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የቆላ ሣር፣ በሺህ የሚቆጠር የዱር እንስሳ፣ ከኋላው የሚያደባ አንበሳ። ሳነቴ ላይ ግን ከብርድ፣ ከጅብራ፣ ከድንጋይና ከጭጋግ በቀር ምንም አልታየኝም። አብረውን የወጡት የአካባቢው አዛውንት አስጎብኚ ትከሻዬን ነካ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ሩቅ አትመልከት። እግርህ ሥር ያለውን ጉድጓድ ቁጠር» አሉኝ።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከቆይታ በኋላ ከአንደኛው ጉድጓድ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ሰፊ ጭንቅላት፣ አናቱ አካባቢ የተተከሉ ጥቃቅን ዓይኖች፣ ረጃጅም የፊት ጥርሶች። በዙሪያው ያለውን ቅጠል በጥድፊያ እየነጨ ወደ ውስጥ ጎተተና ተሰወረ። ፍልፈል ነበር። ቀይ ቀበሮውን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያው ጉድጓድ በበዛበት ሜዳ ላይ፣ ጆሮውን ቀስሮ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ ሲመጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌን ሊያይ ለሚነሳ ሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ በስንት ሰዓት እንደሚያድን፣ የት እንደሚኖር፣ ለምን ብቻውን እንደሚያድን፣ ቁጥሩም ለምን እንዲህ እንዳነሰ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከመሬት በታች ካለው አይጥና ፍልፈል ይጀምር።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የሳነቴ ሜዳ ከዚሁ ጫፍ ሥር የተዘረጋ ነው። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከፍለው ከሁሉ በላይ ያለውን ውርጭ ሲሉ ስሙን ከኑሮው ነው ያወጡት፤ እዚያ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፣ ቀኑ ፊት ያቃጥላል። የአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ መሬት አብዛኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከዚህም ሳይቆራረጥ በአንድ ላይ በስፋት የተዘረጋው የባሌው ነው።

እንዲህ ባለ አገር ትልቅ አካል ይዞ ሜዳ ላይ መኖር ከባድ ነው። ከመሬት በታች ግን ሌላ አየር አለ። ላዩ ሲረጋና ሲግል፣ ጥቂት ጠለቅ ብሎ ያለው አፈር ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። የእሳተ ገሞራው አፈር ለስላሳ ነው፣ ለመቆፈር ይመቻል፤ ሣሩና ቅጠላ ቅጠሉም ሞልቷል። ስለዚህ የሳነቴና የወይብ ሸለቆ ሀብት ያለው በጉድጓድ ውስጥ ነው። ከነዋሪዎቹ ሁሉ ትልቁ፣ እስከ አንድ ኪሎ ሊጠጋ የሚችለውና በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ይኸው ግዙፍ ፍልፈል ነው። ከእሱ ጋር የተለያዩ የሣር አይጦች ሜዳውን ይጋራሉ።

የፍልፈሉን ኑሮ ላስተዋለው ሰው ጥንቃቄው ያስገርማል። ወደ ላይ የሚወጣው በቀን ውስጥ ለአጭር ጊዜ ነው፣ ያውም ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የኋላ እግሩን ከጉድጓዱ አፍ ሳያርቅ በዙሪያው የደረሰበትን ቅጠል ይሰበስባል፣ ከዚያ ጎትቶ ያስገባና ቀዳዳውን በአፈር ይደፍናል። የሚበላው ከታች ሆኖ ነው። አካባቢው ሲያልቅበት ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። በዚህ ሥራው አፈሩን ያገላብጣል፣ ለሌሎች ትናንሽ እንስሳት መጠለያ ያበጃል። አንዲት ትንሽ ግራጫማ ወፍም አትለየውም። እሱ ከሚያገላብጠው አፈር ትል ትለቅማለች፤ አዳኝ ስታይ ደግሞ ትጮኻለች፣ ፍልፈሉም ይሰማል።

እንግዲህ ቀይ ቀበሮው ከዚህ ጠንቃቃ ጋር ነው ጉዳዩ። በባሌ የተደረገ ዝርዝር ጥናት እንዳሳየው ከሚበላው ሥጋ 96 በመቶ ያህሉ የአይጥና የፍልፈል ወገን ነው። ሰውነቱም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ቀጭንና ረጅም አፍ፣ ተራርቀው የቆሙ ትናንሽ ጥርሶች፣ ለሩጫም ለማድባትም የሚሆኑ ረጃጅም እግሮች። ደረቱን መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጎ፣ ፍልፈሉ አንገቱን ባስገባ ቁጥር አንድ እርምጃ እየጨመረ ሲጠጋ ማየት ከማንኛውም የአንበሳ አደን የማያንስ ትርኢት ነው። እኔ ከዚያ የበለጠ ትዕግሥት በእንስሳ ላይ አላየሁም።

ጊዜውንም የሚወስነው ምግቡ ነው። አብዛኞቹ ሥጋ በሎች ጨለማን ይመርጣሉ። እዚህ ግን ታዳኙ የሚወጣው ፀሐይ ሲሞቅ ስለሆነ፣ አዳኙም ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይተኛል። ለጎብኚ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ሌሎች ፓርኮች ውስጥ ሰው ገና ሳይነጋ ተነስቶ የሚፈልገውን ሥጋ በል፣ ሳነቴ ላይ በጠራራ ፀሐይ ያገኘዋል።

ብቻውን የሚያድነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንበሳም ሆነ የዱር ውሻ ተባብሮ የሚያድነው ከራሱ የሚበልጥ ግዳይ ስላለና ከጣለ በኋላ ለሁሉም ስለሚዳረስ ነው። አንድ አይጥ ግን ለአንድ አፍ ነው። ሆኖም ቀይ ቀበሮ ብቸኛ እንስሳ አይደለም። ጎልማሶቹ በአማካይ ስድስት ያህል ሆነው በቤተሰብ ይኖራሉ። ማለዳና ማታ፣ አንዳንዴም እኩለ ቀን ላይ ይሰበሰባሉ፤ እየተላላሱ፣ እየጮኹ ሰላምታ ይለዋወጡና ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ። ምግብ በበዛበት ሜዳ የአንድ ቤተሰብ ግዛት ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የምትወልደው አንዲቱ የበላይ ሴት ናት፤ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ። ቡችሎቹን ግን ሁሉም ያሳድጋቸዋል፤ ከአደን የተመለሰው ሁሉ የዋጠውን ተፍቶ ያጎርሳቸዋል። የሚገርመው፣ ይህች የበላይ ሴት ብዙ ጊዜ የምትጠቃው ከጎረቤት ግዛት በሚመጣ ወንድ ነው። ቤተሰቡ በዘመድ የተሞላ ስለሆነ ይህ ዘሩን ከመመናመን ይጠብቀዋል።

ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። እኛ ቀበሮ እንላለን እንጂ የዘረ መል ምርመራ ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ወደ ተኩላ እንደሚቀርብ አረጋግጧል። ቅድመ አያቶቹ ከእስያና ከአውሮፓ በኩል የመጡ፣ አየሩ በቀዘቀዘበት ዘመን በሰፊው ተዘርግቶ የነበረውን ውርጭ ተከትለው የተስፋፉ ናቸው። አየሩ ሲሞቅ ውርጩ ወደ ተራራ አናት ሸሸ፣ እነሱም አብረው ወጡ። ዛሬ በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ተራሮች ላይ እንደ ደሴት ተነጣጥለው ቀርተዋል። የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የባሌ ኦሮሞዎች ደግሞ ጄደላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይሉታል። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ሲያይ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተል ነው አሉ። እረኛ ያየውን ነው የሚሰይመው።

ስለ ምግቡ ይህን ሁሉ ካልኩ ዘንድ አንድ አዲስ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮዎች የአሸንዳን አበባ ሲልሱ መታየታቸውን ገልጿል። አሸንዳ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀይና ቢጫ አበባ ነው፤ ወለላው ጣፋጭ ነው፣ የባሌ እረኛ ልጆችም ይልሱታል። አንድ ቀበሮ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ሲጎበኝ ታይቷል፤ አፍንጫውም በአበባ ብናኝ ተለውሶ ነበር። ብናኙን ከአበባ አበባ የሚያደርስ ከሆነ ንቦችና ወፎች የሚሠሩትን ሥራ አንድ ትልቅ ሥጋ በል ሲሠራ በመታየቱ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል።

የመንዝ ጓሳውን ነገርም ሳልጠቅስ አላልፍም። እዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ይመላለሳል፤ ጭላዶቹም ግልገል የያዙትን ጨምሮ አይሸሹም። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ፣ ጭላዳ መካከል ሆኖ ካደነው 67 በመቶው ሲሳካለት ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 በመቶው ነበር። ጭላዶቹ ሣሩን ሲነጩ አይጡን ያስደነግጡለታል፣ ወይም እሱን ይሸፍኑታል። ለዚህም ይመስላል አጠገቡ ያለውን ግልገል የማይነካው።

ሰውም ከፍልፈሉ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ባሌ ውስጥ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፍንጫ ሃበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ቁፋሮ መሠረት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ኖረውበታል። ከምድጃቸው አካባቢ የተገኘው አጥንት አብዛኛው የግዙፉ ፍልፈል ነው፤ እሳት የነካው፣ ተጠብሶ የተበላ። ለመሣሪያ የሚሆነውን ባልጩት የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር ላይ ነበር። የዚያን ጊዜ የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ያ ሁሉ ብርድ ባለበት ሰውን ያኖረው ዛሬ ቀበሮውን የሚያኖረው ያው ፍልፈል ነው።

ባሌ ሌላም ብዙ አለው፤ ዲንሾና ጋይሳይ ላይ፣ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው ደጋ አጋዘን እንደ ከብት ተሰማርቶ ይታያል። ከሳነቴ በስተደቡብ ቁልቁል ሲወረድ ሐረና ጫካ ይጀምራል፤ አንበሳ፣ የዱር ቡና፣ ቀርከሃ የሚበላ የባሌ ጦጣ። ከተራራው የሚነሱት ዋቤ ሸበሌን፣ ገናሌንና ወይብን የመሳሰሉ ወንዞች ሶማሊያና ኬንያ ድረስ ላለ ሕዝብ ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

የቀበሮው ትልቅ ጠላት ግን አንበሳም ሆነ ነብር አይደለም፤ የራሳችን ውሻ ነው። እረኛው ወደ ውርጩ ሲወጣ ውሻውን ይዞ ይወጣል፣ ውሻው ካልተከተበ የእብድ ውሻ በሽታንና ዲስቴምፐር የተባለውን ሌላ የውሻ በሽታ ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቤተሰቦች ክፉኛ ጨረሰ፤ በ2003፣ በ2008 እና በ2014ም ተመለሰ። በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር ገባ። በሽታው የሚዛመተው በዚያው በሚያምረው ሰላምታቸው ነው፤ የሚላላሱ ስለሆኑ አንዱ ሲይዘው ሁሉም ይይዛቸዋል። ለዓመታት በየመንደሩ ውሾች ሲከተቡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የእብድ ውሻ ክትባት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ይሰጣል፤ ሌሊት በፈረስ እየዞሩ ያስቀምጡላቸዋል። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች እኔ ከልብ አከብራቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የዚያው የባሌ ልጆች ናቸው።

ሌላው ስጋት ዝግተኛ ነው። እርሻው በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ከብቱ ይበዛል፤ ሣሩ ሲሳሳ አይጡ መጠለያና ምግብ ያጣል። አይጡ ካነሰ ቀበሮው ሌላ የሚበላው የለውም፣ ከዚያ በላይ የሚሸሽበት ተራራም የለውም።

ስለዚህ ሳነቴ ለመውጣት ያሰባችሁ አንባቢዎች፣ ውሻችሁን ቤት ተዉት፤ ከከተማ ይዛችሁ የመጣችሁትንም ምግብ ለቀበሮ አትወርውሩ። ጉድጓድ የበዛበት ሜዳ ስታገኙ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቁ። መንገዱ ላይም ቀስ በሉ። ቀበሮዎቹ በቀን የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ የሚያቋርጡት እናንተ በምትነዱበት ሰዓት ነው፤ በዚያ አስፋልት በሌለው መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ቀይ ቀበሮዎች አሉ።